«የተደባለቀ» ወይስ «የተጨመረበት»?

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን አጭር መግለጫ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። የሠራሁት ትንሽ ኮባልት በገባበት ዚንክ ኦክሳይድ ላይ ነው። ርዕሱን «የተደባለቀ የብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች የመሳብ ባሕርይ» አልኩት። ጓደኛዬ ግን «ርዕሱ የሚለው ሌላ፣ የሠራኸው ሌላ» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው።

ከ«ብረት» ልጀምር። ይህ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። አንደኛው ያ የሚዝገው፣ ምስማር የሚሠራበት ብረት ነው። ሁለተኛው መዳቡንም፣ ዚንኩንም፣ አልሙኒየሙንም የሚያጠቃልል የወል ስም ነው። «የብረት ኦክሳይድ» ሲባል አንባቢ ቶሎ የሚመጣበት ዝገት ወይም ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን ነው። ማግኔታይት ደግሞ በተፈጥሮው መግነጢሳዊ ነው። «ታዲያ ምኑ አዲስ ሆነ?» ይላል። ንጹሕ ዚንክ ኦክሳይድን ግን ማግኔት አይስበውም፤ እንዲያውም በጣም በትንሹ ይገፋዋል። የሥራዎ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው። በጥቅሉ ሲያወሩ «የብረታ ብረት ኦክሳይድ» ይበሉ። ርዕስ ላይ ግን ዚንክን በስሙ ይጥሩት።

ዋናው ጣጣ «የተደባለቀ» ነው። አሸዋና ጠጠር ቢደባለቁ አሸዋው አሸዋ፣ ጠጠሩም ጠጠር ሆኖ ይቀራል። እርስዎ ያሰቡት ይህን አይደለም። የኮባልት አቶም የዚንክን አቶም አስለቅቆ በክሪስታሉ ውስጥ ቦታውን ይዟል ማለትዎ ነው። ኮባልቱ ቦታ ሳይተካ አንድ ጥግ ላይ ተጠራቅሞ ከቀረ፣ ያኔ «ተደባልቋል» ቢሉ ያስኬዳል። ግን ያኔ የሚለኩት መግነጢሳዊነት የዚያ የኮባልት ጥርቅም ሊሆን ይችላል።

በመስኩ ያሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት የተሟገቱት በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ማንጋኒዝ የተጨመረበት ዚንክ ኦክሳይድ በክፍል ሙቀት ቋሚ መግነጢሳዊነት ሊኖረው እንደሚችል በንድፈ ሐሳብ ተተነበየ። በ2001 ደግሞ ኮባልት የተጨመረበት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይህን ባሕርይ አሳየ ተባለ። ጥያቄው ወዲያው ተከተለ፦ ኮባልቱ ገብቷል ወይስ ተጠራቅሟል? ከውጭ የሚመጣ ብክለትም ሌላ ፈተና ነው። በ2004 ምንም ያልተጨመረበት የሃፍኒየም ኦክሳይድ ስስ ንጣፍ መግነጢሳዊ ነው ተብሎ ነበር። በ2005 ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው ሲፈትሹት ምንም አላገኙም። ናሙናውን በማይዝግ ብረት ወረንጦ መያዝ ብቻውን ተመሳሳይ ምልክት እንደሚፈጥርም አሳዩ። ወረንጦ ይህን ያህል ካሳሳተ፣ ልቅ ግሥ ደግሞ አንባቢን ምን ያህል እንደሚያሳስት ይገምቱ።

ስለዚህ «የተጨመረበት» ይበሉ፤ «-በት»ንም አይጣሏት። «ኮባልት የተጨመረ ዚንክ ኦክሳይድ» ካሉ የተጨመረው ዚንክ ኦክሳይዱ ይመስላል። ማን ጨማሪ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነ የምትለየው እሷ ናት። መተካቱን በመለኪያ ካረጋገጡ ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ «ኮባልት በዚንክ ቦታ ገብቷል» ብለው በግልጽ ይጻፉ። ካላረጋገጡ «የተጨመረበት» ይበቃል። ከእንግሊዝኛ የተወሰደው «ዶፕ የተደረገ» ቤተ ሙከራ ውስጥ ያግባባል፤ ሌላው አንባቢ ግን ዶፒንግን የሚያውቀው ከስፖርት ዜና ነው።

«የመሳብ ባሕርይ» ደግሞ የፊደላችን ችግር አለበት። «ሳ» ላልቶ ከተነበበ ሌላውን መሳብ ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ በሌላ መሳብ ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ አይለዩም። በናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን በማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ዓለም ደግሞ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለምሳሌ ከ20 ናኖሜትር በታች የሆኑ የማግኔታይት ቅንጣቶች ማግኔት ሲቀርባቸው ይሳባሉ። ማግኔቱ ሲነሣ ግን ሙቀቱ ብቻ የመግነጢስ አቅጣጫቸውን እያገላበጠ ያተራምሰዋል፤ ራሳቸው ማግኔት ሆነው አይቀሩም። «መግነጢሳዊ ባሕርይ» ቢሉ ሁለቱንም ይይዛል።

«ማግኔት» እና «መግነጢስ» ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኔ ለዕቃው «ማግኔት»፣ ለቅጽሉ «መግነጢሳዊ» እላለሁ።

አንድ ነገር ቀረች። የርዕስዎ ባለቤት «ቅንጣቶች» ስለሆነ «-በት» ወደ «-ባቸው» ይቀየራል፦ «ኮባልት የተጨመረባቸው የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች መግነጢሳዊ ባሕርይ»።