ለቁልቢ ልጆችን ከትምህርት ቤት ስለማስቀረት

እህቴ፣ ለታኅሣሥ 19 ከሐዋሳ ቁልቢ ገብርኤል ስትሄጂ የሦስተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችሽን ለሳምንት ላስቀራቸው ወይ ብለሻል። እኔ ብሆን ታናሹን እወስደዋለሁ፣ ትልቋን ግን አላስቀራትም።

ስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለባት። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተናም እየቀረበ ነው። ያመለጣትን ኖት ከጓደኛዋ ደብተር ትገለብጣለች። ቴስትና የቡድን ሥራ ግን አይገለበጥም፤ ከመቶው ውስጥ የሚደመረው ደግሞ እሱ ነው። ሒሳብማ አንዴ ከተቋረጠባት ቀጣዩም ይከብዳታል። አክስቷ ጋ ትሰንብት።

ለታናሹ ሆምሩም መምህር ቀድመሽ እውነቱን ንገሪ። «አሞት ነው» እንዳትዪ፣ አደራ። ልጁ ይሰማሻል፣ ነገ እሱም እንዲሁ ይላል። መንገዱ በሞጆ፣ በአዳማና በአዋሽ ዞሮ ሩቅ ነው፣ ለንግሡ ደግሞ በመኪና ይጨናነቃል። ስትመለሱ አንድ ቀን ቤት ይረፍ። ከመንገድ በቀጥታ መጥቶ ዴስክ ላይ የሚያንቀላፋ ልጅ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለቱ የትልቋም ከሆነ አትጨነቂ፣ ቁልቢ ሐምሌ 19ም ይነግሣል። ያኔ ትምህርት ዝግ ስለሆነ እሷን ተረጋግተሽ ትወስጃታለሽ።