«የአምልኮ ተከታይ» ያለው ፊልም ምን ዓይነት ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አንድ የቆየ የህንድ ፊልም በታየ ቁጥር የሚሰበሰቡት እነዚያው ልጆች ናቸው፤ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ንግግሩን ይቀድሙታል። በቅርቡ አንድ የሬዲዮ አቅራቢ ስለ ሌላ ፊልም «የአምልኮ ተከታይ አለው» ሲል ሰማሁ። «ዝነኛ ነው» ከማለት በምን ይለያል? አማርኛውስ ልክ ነው?

መልስ፦ የጠቀሷቸው ልጆች ለመልሱ ጥሩ መነሻ ይሆኑናል። አቅራቢው የተጠቀሙበት ሐረግ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተወሰደ ሲሆን፣ የሚናገረውም ስለ አድናቂዎቹ ጽናትና አኳኋን ነው። ዝነኛ ሥራ ብዙ ሰው አንዴ አይቶት የሚያልፈው ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሐረግ የሚጠራው ግን አብዛኛው ሕዝብ ሳያውቀው ወይም ችላ ብሎት ሳለ፣ ጥቂቶች ደጋግመው የሚያዩት፣ ንግግሩን በቃላቸው የሚይዙት፣ በእርሱም ሰበብ እርስ በርስ የሚቀራረቡበት ሥራ ነው።

ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» ነው። ፊልሙ መጀመሪያ ተመልካች አጥቶ ነበር፤ በ1976 ኒው ዮርክ ውስጥ በእኩለ ሌሊት መታየት ከጀመረ በኋላ ግን ያው ተመልካች እየተመላለሰ፣ እንደ ገጸ ባሕርያቱ ለብሶ፣ ለንግግራቸው ከመቀመጫው መልስ እየሰጠ፣ በሠርጉ ትዕይንት ላይ ሩዝ እየበተነ የትርኢቱ አካል ሆነ። በማስታወቂያ የተገኘ ዝና እንዲህ ያለ ልማድ ይፈጥራል ብዬ አላምንም። ከእኛም ወገን አንጋፋው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የቀረጹት ካሴት፣ በ2013 እንደገና ታትሞ በሩቅ አገር አዳዲስ ወዳጆች ማፍራቱን እዚሁ ላይ ማንሣት ይገባል።

ወደ አማርኛው ስንመጣ፣ ሐረጉን አልደግፈውም። «ያመልካታል» እንደምንለው ግሱ ለሰው ፍቅርም ይውላል፤ «አምልኮ» የሚለው ስም ግን «አምልኮ ባዕድ» ከሚለው ጋር አብሮ የኖረ በመሆኑ ሃይማኖታዊ ክብደቱን በቀላሉ አይለቅም፤ «የአምልኮ ተከታይ» የተባለለት ፊልምም ስለ አንድ እምነት የተሠራ ሊመስል ይችላል። ቋንቋችን ለዚህ «ልክፍት» የሚል እጅግ የሚያምር ቃል አለው፤ መንፈስ ለከፈው ከሚለው ተነሥቶ «የኳስ ልክፍት»፣ «የቴአትር ልክፍት» እስከማለት ደርሷል። የሰፈርዎን ልጆች «የፊልሙ ልክፍተኞች» ቢሏቸው ማንም ይረዳዎታል። ለዜናና ለጥናት ጽሑፍ ግን «ጥቂት ግን ጽኑ አድናቂዎች ያሉት ፊልም» ማለቱን እመርጣለሁ፤ ቃሉ ቢረዝምም ሁለቱንም ነገር፣ ማነሳቸውንም መጽናታቸውንም፣ ይገልጻል። በዚህ ጊዜ «አድናቂዎች» የሚለው ስም በብዙ ቁጥር ስለሆነ ግሱም አብሮ ይበዛል፤ «ጽኑ አድናቂ አለው» ወይም «ጽኑ አድናቂዎች አሉት» ይባላል እንጂ፣ በየማሰራጫው እንደምንሰማው «አድናቂዎች አለው» አይባልም።