«ሄደልኝ» ወይስ «ሄደብኝ»?

ጥያቄ፦ በምጽፈው አጭር ልቦለድ ውስጥ አንዲት እናት የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ልጇን ትሸኛለች። «በአንድ በኩል ደስ አላት፣ በሌላ በኩል አዘነች» ብዬ ብጽፍም፣ ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ስሜቱ እንዳልደረሳቸው ነገሩኝ። የተደበላለቀ ስሜትን እንዴት ልግለጸው?

መልስ፦ ጓደኞችዎ የተቸገሩት ስሜቱ ስላልተነገራቸው ሳይሆን ተነግሮ ስላለቀባቸው ይመስለኛል። «በአንድ በኩል» እና «በሌላ በኩል» የሚሉት ቃላት ሁለቱን ስሜቶች ለያይተው ያስቀምጧቸዋል፤ እናቲቱ ግን ደስታዋንና ሐዘኗን የምትሸከማቸው በየተራ ሳይሆን በአንዲት ቅጽበት ነው። ስለዚህ አንዱን ለአንደበቷ፣ ሌላውን ለእጆቿ ይስጡ። «ቶሎ በል እንጂ፣ ይረፍድብሃል!» እያለች የተዘጋውን ሻንጣ መልሳ ትክፈተው፤ በሥርዓት የታጠፈውን ሸሚዝ አውጥታ ትዘርጋው፣ ከዚያም ቀስ ብላ አጣጥፋ ትመልሰው። የስሜት ስም አንድም ጊዜ ሳይጠራ አንባቢው ሁለቱንም ያገኛቸዋል።

ቋንቋችን ራሱ ለዚህ ሥራ ምን ያህል የተመቸ እንደሆነ ብዙ ጀማሪዎች ልብ አለማለታቸው ያሳዝነኛል። «ሄደ» ድርጊቱን ብቻ ይናገራል፤ «ሄደልኝ» እፎይታን ሲጨምርበት «ሄደብኝ» ጉዳትን ይጨምርበታል፤ ልዩነታቸውም የአንድ ፊደል ነው። እናቲቱ ለጎረቤቷ «ተመስገን፣ ሄደልኝ» ብላ ከተመለሰች በኋላ በባዶው ክፍል በር ላይ ቆማ «ሄደብኝ» ብትል፣ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት አንድ ገጽ ማብራሪያ የማይችለውን ይናገራል። ልጇን ሁልጊዜ «አንተ» የምትል እናት በስንብቱ ሰዓት «አንቱ» ብትለውም ኩራቱና መራራቁ አብረው ይሰማሉ።

ይህን ግን ከሰምና ወርቅ ጋር እንዳያምታቱት አደራ እላለሁ። በቅኔ ወርቁ ሲገኝ ሰሙ ሥራውን ጨርሷል፤ እዚህ ሁለቱም ስሜቶች እውነተኛ ስለሆኑ አንዱ የሌላው መሸፈኛ መሆን የለበትም። ደስታዋ የማስመሰል ከሆነ ታሪኩ ሐዘኗን ስለምትደብቅ እናት ይሆናል፤ ያ ደግሞ እርስዎ ሊጽፉት ያሰቡት አይደለም። ስለዚህ ለደስታዋም የራሱን ማስረጃ ይስጡት፦ ከትምህርት ቤቱ የመጣውን ደብዳቤ ለአራተኛ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብበው። መኪናው ሲንቀሳቀስም እንባ ወይም ፈገግታ አይምረጡላት፤ እጇን ለስንብት እንዳነሳች ትዕይንቱን ይዝጉት።