የጥር 1985ቱ 300 ዶላር ስንት ብር ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አባታችን ጥር 1985 ዓ.ም. አሜሪካ ከሚኖረው አጎታችን 300 ዶላር ተበድሮ ጥንድ በሬ ገዝቶበት ነበር። ገንዘቡ በባንክ ነው የመጣው። አሁን አባታችን አርፏል፣ አጎታችን ደግሞ ለፋሲካ ሊመጣ ነው። ዕዳውን እንዝጋ ብለን ተሰብስበን ተጨቃጨቅን። ደብተሩ ላይ ያለው «300 ዶላር፣ ጥር 1985» ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ በስልኩ የምንዛሪ ሰንጠረዥ አውጥቶ በ1985 ዶላር 2.07 ነበር፣ ስለዚህ 621 ብር ነው ይላል። ታናሽ እህቴ 1992 የሚለውን መስመር አይታ 2.80 ነው ትላለች። ማን ነው ትክክል? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም አልደረሱበትም። አባታችሁ እጅ የገባው 1,500 ብር አካባቢ ነው፤ አንዱ ዶላር በ5 ብር ተመንዝሮ። ባንኩ ለአገልግሎት የቆረጠው ካለ ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

ወንድምዎ የተሸወደው በዘመን አቆጣጠር ነው፣ ይሄ ደግሞ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር ነው። ስልክ ላይ የሚገኙት ሰንጠረዦች በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተሠሩ ናቸው። የእኛ ጥር 1985 በእነሱ ጃንዋሪ 1993 ላይ ይጀምራል። እሱ ያየው የደርግ ጊዜውን 1985 ነው፣ ያኔ በእርግጥም 2.07 ነበር።

እህትዎ ቀረብ ብላለች፤ ግን 1992 የሚያልቀው እኛ ታኅሣሥ ላይ ሳለን ስለሆነ አንድ መስመር ወደ ታች መውረድ ነበረባት። ደግሞ 2.80 የሚባለው ምንዛሪ ባንክ ቤት ውስጥ አንድም ቀን አልተሠራበትም። የዓመት አማካይ ነው። በፈረንጆቹ 1992 ዘጠኙን ወር ዶላር 2.07 ነበር፤ ከዚያ ኦክቶበር 1 ቀን፣ በእኛ መስከረም 21 ቀን 1985፣ በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። ዘጠኝ ወር በ2.07፣ ሦስት ወር በ5 አድርጋችሁ ለ12 ብታካፍሉት 2.80 ይመጣል። ስለዚህ የአንድ ቀን ገንዘብ ስትፈልጉ የዓመት አማካይ አትመኑ፣ በተለይ ምንዛሪው በተቀየረበት ዓመት። የአጎታችሁ ገንዘብ ከአምስት ወር በፊት መጥቶ ቢሆን ኖሮ አባታችሁ በዚያው 300 ዶላር 621 ብር ብቻ ነበር የሚቀበሉት፤ በሬው አንድ ይሆን ነበር ወይ ጭራሽ አይገዛም ነበር።

ይቺ 2.07 ከየት መጣች የሚል ካለ፣ ታሪኳ ደስ ይላል። ብር በ1937 ዓ.ም. አዲስ ሆኖ ሲወጣ ዋጋው በወርቅ ተለክቶ ነበር የተተመነው፣ ዶላርም 2.48 ገደማ ነበር። በ1956 2.50 ሆነ። ከዚያ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ዶላራቸውን ከወርቅ አንጻር ሁለት ጊዜ አረከሱት፤ እኛ አብረን ስላልወረድን ዶላር በ1964 ወደ 2.30፣ በየካቲት 1965 ወደ 2.07 ወረደ። ብራችን የጠነከረው ያኔ ምርታችን ስለጨመረ አልነበረም። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፣ 2.07 ግን ሃያ ዓመት ገደማ ንቅንቅ አላለችም። በጎን በጥቁር ገበያ ዶላር ከእጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር። በ1985 ወደ 5 የተዘለለውም ይሄ ክፍተት ሊቻል ስላልቻለ ነው።

በነገራችን ላይ የእናንተ አካባቢ ሰው ለምንዛሪ እንግዳ አይደለም። አንኮበር ሥር ያለው አሊዩ አምባ ገበያ ላይ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ማርትሬዛ የሚባለው የውጭ ብርና እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። አሞሌው ከአፋር ጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደድ ስለነበር ነጋዴው አንዱ ብር ስንት አሞሌ እንደሚያመጣለት ሳይጠይቅ አይነግድም።

ከ1985 ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። ነሐሴ 2002 ከ13 ብር ተኩል ገደማ ወደ 16 ብር ከምናምን፣ ጥቅምት 2010 ከ23 ወደ 27 ብር ግድም፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ወደ 74 ብር በአንድ ቀን፣ በሳምንታት ውስጥም ከ100 በላይ።

አሁን ወደ ዕዳው። ያልጠየቁኝን ልናገርና፣ 1,500 ብር ቆጥራችሁ ለአጎታችሁ ብትሰጡ ትክክል አይመስለኝም። ደብተሩ የሚለው 300 ዶላር ነው፣ አባታችሁ ብር ብለው አልጻፉም። ዛሬ 1,500 ብር ይዞ ደብረ ብርሃን ገበያ የወጣ ሰው በሬውን ተዉት፣ በግም መግዛቱን እጠራጠራለሁ። የተበደሩት ዶላር ከሆነ የሚመለሰውም የዶላሩ ያህል ቢሆን ነው የሚሻለው፤ አጎታችሁ ይቅር ካሉ ያ የእሳቸው ነው። ስታሰሉ ባንክ የሚለጥፋቸው ሁለት ዋጋዎች አሉ፣ መግዣና መሸጫ። አባታችሁ የተቀበሉት በመግዣው ስለሆነ እናንተም በመግዣው ብታስቡት እኩል ይሆናል። በየትኛው ቀን ዋጋ እንደምትከፍሉም እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት በስልክ ተነጋገሩ። አለዚያ ፋሲካውን ወንድምና እህት ስልክ ይዛችሁ ስትከራከሩ ነው የሚያገኟችሁ።