ጣትህ ስክሪኑ ላይ ከታየ ጓንት አያድንህም

«ስብራት ስናስተካክል ጣቴ ሲ-አርሙ (በቀዶ ጥገና ጊዜ የኤክስሬይ ምስል በቀጥታ የሚያሳየው ማሽን) ስክሪን ላይ ይታያል፤ ጨረር የሚከላከል የእርሳስ (ሊድ) ጓንት ልግዛ?» ላልከው፣ አትግዛ። ጓንቱ ዋናው ጨረር ውስጥ ሲገባ ማሽኑ ወፍራም ነገር የገጠመው ይመስለውና ጨረሩን በራሱ ይጨምራል። አንተም ታካሚውም ትጎዳላችሁ።

መፍትሔው እጅን ማውጣት ነው። አጥንቱን በረጅም መቆንጠጫ ያዝ፣ ጨረሩን የሚያስነሳው የእግር ፔዳል ሲረገጥ እጅህን ሳብ። ከጨረሩ ምንጭ ያለህን ርቀት እጥፍ ካደረግከው ጨረሩ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ኤክስሬይ የሚያወጣው ቱቦ ከጠረጴዛው በታች፣ ምስል ተቀባዩ ከላይ ይሁን። ፔዳሉን ረግጦ መቆየት ይቅር፤ ነካ፣ ለቀቅ።

የቀለበት ዶዚሜትርም (ጣት ላይ የሚደረግ የጨረር መለኪያ) ጠይቅ፣ ከቀዶ ጥገና ጓንትህ ስር ይደረጋል። ደረትህ ላይ ያለው ስለ ጣትህ ምንም አይነግርህም። ለእጅ ዓለም አቀፉ ገደብ በዓመት 500 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ሜክሲኮ አካባቢ ስሠራ የጣቴ ቆዳ ሲደርቅና ጥፍሬ ሲሰነጣጠቅ «የሳሙናው ነው» ብዬ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ሳሙናም ያደርገዋል፣ እውነት ነው። ጨረርም ግን እንዲሁ ነው የሚጀምረው፤ ከዓመታት በኋላ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። የማይድን ቁስል ወይም ጥፍርህ ላይ አዲስ ጥቁር መስመር ካየህ፣ በዚያው ሳምንት ቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ።