ስልኩን ያላነሳው ሰው

የሦስተኛ ዓመት የስታትስቲክስ ተማሪ ነሽ። ምርጫ ሲመጣ ዜና ስትከታተይ ታድሪያለሽ። «የቅድመ ምርጫ አስተያየት ተንታኝ መሆን እፈልጋለሁ፤ ግን ማስተርሴን በፖለቲካ ሳይንስ ልያዝ ወይስ በስታትስቲክስ ልቀጥል? ማን እንደሚያሸንፍ መገመት ላይ ደግሞ ጎበዝ አይደለሁም» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

ከመጨረሻው ልጀምር። አለመቻልሽ ጥሩ ነው፣ እህቴ። አሸናፊውን ከወዲሁ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዳታው ሌላ ነገር ሲነግረው አይሰማማ።

ሰው የሚያየው የመጨረሻዋን ቁጥር ነው፤ አንዱ ተወዳዳሪ ከመቶ 48፣ ሌላው 45። የተንታኙ ራስ ምታት ግን መልስ ያልሰጠው ሰው ነው። የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1997 በስልክ ሲጠይቅ ከመቶ 36 ያህሉ ይመልሱለት ነበር፤ በ2018 ወደ 6 ወረደ። ስልኩን ያነሱት ካላነሱት ጋር በሐሳብ ከተለያዩ፣ የፈለግሽውን ያህል ሰው ብትጠይቂ ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ በፕሬዚዳንት ምርጫው ላንደን ያሸንፋል አለ፤ ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። መጽሔቱ ስም የለቀመው በብዛት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ደግሞ ስልክና መኪና የማን እንደነበሩ አስቢው። ከመጽሔቱ በጣም ያነሰ ሰው የጠየቀው የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጋሉፕ አሸናፊውን አወቀ። (እሱም ቢሆን በ1948ቱ ምርጫ ያሸነፈውን ፕሬዚዳንት ትሩማንን ይሸነፋል ብሎ ጉድ ሆኗል።)

ስለዚህ ዋናው ሙያ ማስተካከል ነው። ከመላሾችሽ ግማሹ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ናቸው እንበል፤ ከመራጩ ሕዝብ ግን የጨረሰው 30 በመቶ ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ምሩቅ መልስ እንደ 0.6 ሰው፣ የሌላውን እንደ 1.4 ሰው ትቆጥሪያለሽ። ቀላል ይመስላል አይደል? እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ግዛቶች የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ይህቺን የትምህርት ማስተካከያ ዘለሏት፤ የትራምፕን ድጋፍ አሳንሰው ካሳዩበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነበር።

በስታትስቲክስ ቀጥይ። የናሙና አወሳሰድ ኮርስ ካለ እንዳያመልጥሽ፣ አር (R) የሚባለውን የስታትስቲክስ ፕሮግራም በደንብ ልመጂ። ፖለቲካውን እያነበብሽ ትደርሺበታለሽ፤ ቀመሩን ግን ሥራ ላይ ቁጭ አድርጎ የሚያስተምርሽ ሰው አታገኚም። ሌላው ምክሬ ላይጥምሽ ይችላል፦ ለጥቂት ወራት የስልክ ጠያቂ ሆነሽ ሥሪ። ደመወዙ አያኮራም። ግን ሰው ስልክ ሲዘጋብሽ፣ ጥያቄው ሳይገባው «አዎ አዎ» ብሎ ሊገላገልሽ ሲሞክር፣ ወይም የሚመርጠውን ለመናገር ሲያፍር ካልሰማሽ፣ በኋላ ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ከየት እንደመጣ አይገባሽም።

ሥራው ወቅታዊ መሆኑንም እወቂ። ምርጫ ሲቃረብ እንቅልፍ የለም፣ ሲያልፍ ጭር ይላል። ብዙዎቹ ድርጅቶች በመሃሉ የገበያና የጤና ጥናት ይሠራሉ፤ አትናቂው፣ ሙያው አንድ ነው።

ለቃለ መጠይቅ ይህንን ያዢ። 1,000 ሰው ተጠይቆ 48 ለ45 ቢመጣ «ማን ይመራል?» ሊሉሽ ይችላሉ። የእያንዳንዱ ቁጥር የስህተት ህዳግ፣ ማለትም ከእውነተኛው ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ ገደማ ነው፤ የልዩነቱ ደግሞ እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው። እናም መልሱ «በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» ነው። ይህንን አለቃሽ ወይም ከፋዩ ፓርቲ ፊቱን አጥቁሮብሽም መድገም መቻል አለብሽ። ህዳጉን በግማሽ ለመቀነስ ስንት ሰው ይበቃል ካሉሽም 2,000 እንዳትዪ፣ 4,000 ነው።

ማመልከቻሽን ባዶውን አትላኪ። ጥሬ ዳታው በነፃ የተለቀቀ ያለፈ ምርጫ ጥናት ፈልጊ፣ ራስሽ አስተካክይው፣ ከእውነተኛው ውጤት ጋር አወዳድሪና የት እንደሳትሽ በሁለት ገጽ ጻፊ። ያቺን ሁለት ገጽ ከሲቪሽ ጋር አያይዢ።