ከመድኃኒቱ ጋር የተሰጠሽ ጄሶ

ሰላም እህቴ። ጓንዡ ውስጥ ለትኩሳትና ለሳል የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ታዞልሽ፣ ከቅጠሉ መሀል የድንጋይ ስብርባሪ አግኝተሽ፣ «ጄሶ ነው አሉኝ፤ ልጠጣው ወይስ ልጣለው?» ብለሻል። ብትደነግጪ አይገርምም። እኛ ጄሶን የምናውቀው ለግድግዳ፣ ለተሰበረ እጅ፣ ሲብስም እንጀራ ውስጥ ተቀላቅሎ ሲሸጥ ነው።

እዚያው ቻይና ፋርማሲ ስማር በአንድ የባህላዊ ሕክምና ሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ተለማምጃለሁ። ይሄን ድንጋይ በየቀኑ እንመዝነው ነበር። ሺጋኦ ይሉታል። ነጭ ነው፣ እንደ ሐር ክር ያብለጨልጫል፣ በጥፍርሽ ብትፍቂው ይጫራል። በመዳብ ሙቀጫ ወቅጠን ነበር የምንሰጠው።

ድንጋዩን አትበይውም፤ የምትጠጪው የፈላበትን ውሃ ነው። ጄሶ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ በ1 ሊትር ወደ 2 ግራም ቢሆን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ብቻውን 20 ወይም 30 ደቂቃ ይፈላል፤ ሌላው ቅጠልና ሥር ከዚያ በኋላ ይገባል። ማዘዣው ላይ 30 ግራም ብታዪ አይግረምሽ፤ የተለመደው ከ15 እስከ 60 ግራም ነው። ስትጨርሺ በደንብ አጥልይው።

ቻይናዎቹ ይሄን የሚያዙት ትኩሳቱ ኃይለኛ ሆኖ ላብና ጥማት ሲኖር ነው። ከ1800 ዓመት በፊት ገደማ የነበረው ሐኪም ዣንግ ዦንግጂንግ ጄሶን ከሩዝ ጋር የሚያፈላበት «ነጭ ነብር» የሚባል ቅመማ ዛሬም ይታዘዛል። ብርድ ብርድ ለሚለው ወይም ሆዱ ለሚላላ ሰው ግን አይሰጡም።

ከማዕድን መድኃኒቶቻቸው እኔን የሚያስፈራኝ ጄሶ ሳይሆን ቀዩ ዡሻ ነው፤ ሜርኩሪ አለበት። ዡሻ ተጽፎ ካየሽ እንዳትነኪው።

የተቃጠለ ጄሶ ለቁስል እንጂ ለመጠጥ አይደለም። ከግንባታ ዕቃ ሱቅ የሚገዛውም አይጠጣም፤ ውሃ ሲነካው ይጠነክራል። እባክሽ በሱ እንዳትተኪው።

ሳል ስላለሽ ማኋንግ የሚባል ተክልም አብሮ ሊኖር ይችላል። ደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ካለብሽ ሳትጠጪ ንገሪያቸው። ዶክሲሳይክሊን ወይም ሲፕሮ የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች እየወሰድሽ ከሆነም በሰዓታት አራርቂው፤ የጄሶው ካልሲየም መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል።

ከአገር ቤት በቅርቡ ከመጣሽ ግን ከሁሉም በፊት ዛሬውኑ የወባ ምርመራ ጠይቂ። እዚያ ያለ ሐኪም ወባ ቶሎ ላይታየው ይችላል።